የተጠረገውን ግቢ ማን ይጠብቀው?

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? በዚህ ወር አራት ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ። አራቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ ከአቃቂ አለፍ ብሎ ካለ ሰፈር ነው። አራቱም ስለ አንድ ግቢ ነው የሚያወሩት። የሰፈሩንም የድርጅቱንም ስም አልጽፍም። ግን ደብዳቤዎቹን አንብቤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ ቦታውን በዓይኔ አየሁት። ነባር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ፤ ወደዚህ አምድ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት የሠራሁት ውሃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ቤታችንን ስንሠራ ከአጥራችን ጀርባ አንድ የተዘጋ ግቢ ነበር። ድሮ የፀረ ተባይና የፋብሪካ ኬሚካል መጋዘን ነበር አሉ። ክረምት ሲገባ ሽታው ራስ ያዞር ነበር። አምና ነጭ ቱታ የለበሱ፣ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች መጥተው በርሜሎቹን ጫኑ፣ አፈሩን ቆፍረው ወሰዱ፣ ቀይ አፈር ደለደሉበት፣ ሣር ዘሩበት፣ በሽቦ አጥረው ሄዱ። ሽታው ጠፋ። ተመስገን ብለን ነበር። አሁን ግን ሽቦው ግማሹ ተቆርጦ ተወስዷል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በግ ይሰማራበታል። ከመሬቱ ብቅ ያሉ ክዳን ያላቸው ቧንቧዎችም አሉ፤ የአንዱን ክዳን ልጆች ሰብረው ጠጠር ይጥሉበታል። ባለቤቴ «ተጠርጎ ያለቀ ነገር ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። እውነት አልቋል? ቧንቧዎቹስ ምንድን ናቸው?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከቧንቧው ልጀምር። የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

እነዚያ ቧንቧዎች የመከታተያ ጉድጓዶች ናቸው። ለመጠጥ የተቆፈሩ አይደሉም። እያንዳንዱ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ድረስ ይወርዳል፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ውሃ የሚያስገቡ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ባለሙያ በየጊዜው መጥቶ ክዳኑን በቁልፍ ይከፍታል፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይለካል፣ ናሙና ይቀዳል፣ በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከመሬት በታች ምን እየተካሄደ እንደሆነ የምናይበት ዓይን ይሄ ነው። ክዳኑ ሲሰበር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የክረምት ጎርፍ፣ የበግ በጠጥ፣ ልጅ የሚጥለው ቆሻሻ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይወርዳል። በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ቢያንስ አፈሩ ትንሽ ያጣራው ነበር፤ በቧንቧው ሲገባ ግን የሚያግደው ነገር የለም።

ቅዳሜ ስደርስ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቧንቧው አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጠጠር ይለቅና ይቆጥራል። «አንድ… ሁለት…» ሲል ከታች ጥልቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁለት ሰከንድ ማለት 20 ሜትር ገደማ ነው። የብረት ክዳኑ በማጠፊያው ተንጠልጥሏል፤ በነጭ ቀለም የተጻፈበት ቁጥር ግማሹ ተልጧል። ለልጁ ቧንቧው ምን እንደሆነ ነገርኩት። አሮጌ ጣሳ ፈልጌ ደፋሁበትና ድንጋይ ጫንኩበት፤ ከዚያ ሁለታችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ይሄ ለጊዜው ነው፣ መፍትሔ አይደለም። ዛሬ ነገ ሳትሉ ለወረዳው አመልክቱ። ክዳኑ እስኪጠገንም ጣሳው ወድቆ እንደሆነ ጠዋት ማታ የሚያይ አንድ ትልቅ ሰው ከመሀላችሁ ይመደብ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አልቋል ወይ? አላለቀም። ባለቤትሽ ያለውን ብዙ ሰው ይላል፤ በርሜሉ ተጫነ፣ ሽታው ጠፋ፣ ሣር በቀለ፣ በቃ። ያዩት ነገር እውነት ነው። እውነተኛ ሥራ ተሠርቷል፤ ያንን የሠሩትን ሰዎች አላጣጥልም። ግን የተሠራው የሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ለምን መሰለሽ? በርሜል ሲነሳ የሚሄደው በርሜሉ ውስጥ ያለው ነው። አገራችን ይህንን ሥራ ታውቀዋለች። በግዢም በእርዳታም የገቡ፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በየመጋዘኑ ለአሥርት ዓመታት ተከማችተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር ብቻ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ ፊንላንድ ድረስ ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሏል። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን በየትም አገር ቢሆን ከበርሜሉ አንጠባጥቦ መሬት የጠጣው አብሮ አይጫንም። ያኛው በቁፋሮ ነው የሚወጣው፤ ቁፋሮ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር ይወርዱና ከዚያ በታች ያለው ወይ መጠኑ ይቀንሳል፣ ወይ ገንዘቡ ያልቃል፣ ወይ ውሃ ይመጣል። የቀረውን በአፈር ሸፍነው ይተዉታል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ነው የሚሠራው። የቀረው ነገር ግን አብሮን ይኖራል። ዲዲቲን የመሰለ ፀረ ተባይ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። እርሳስና ክሮምየም ደግሞ ብረት ናቸውና አይበሰብሱም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም እርሳስ እርሳስ ነው። መርዝ ትቶ መሸፈን የሚፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፦ የሚጠብቀው ሰው ካለ።

ምን ይጠበቃል ትይኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሽፋኑ። የእናንተ ሰፈር ዋልካ ነው። ዋልካን እዚያ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ያብጣል፣ ጫማ አያስወጣም፤ በጋ ደግሞ እጅ እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ቤት የሠራችሁ ሰዎች ግድግዳችሁ ላይ አይታችሁታል። ቀይ አፈር ተደልድሎበታል ማለት ዋልካው ከሥር መተንፈሱን አቆመ ማለት አይደለም። ቅዳሜ እንኳ ግቢውን ስዞር በምሥራቅ በኩል ሣሩ የደረቀበት አንድ መስመር አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ ስነካው ስንጥቅ ነው፣ ሁለት ጣቴ ገባ። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ነው የሚወርደው። ታጥቦ የሚሄደውን ይዞ ወደ ታች ይሄዳል። በዚያ ላይ ፍልፈል ይቆፍራል፣ በግ ሣሩን ከሥሩ ይግጣል፣ አጥሩ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሥሩን ይሰዳል። ስለዚህ ሽፋኑን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋው ሊያልቅ ሲልና ክረምቱ እንደወጣ፣ ሰው በእግሩ ዞሮ ማየት አለበት። ስንጥቁን መድፈን፣ የተሸረሸረውን መሙላት፣ የበቀለውን ችግኝ መንቀል። ውድ ሥራ አይደለም፤ አካፋና ሰው ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። ከአቃቂ በታች ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ለዚህም ነው ውሃ በብዛት የሚሰጠው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ብዙው የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውሃን ደህና አድርጎ የሚያሳልፍ ድንጋይ መርዝንም ደህና አድርጎ ያሳልፋል። የመከታተያ ጉድጓዶቹ ቢያንስ አንዱ ከግቢው በላይ፣ ሌሎቹ ውሃው በሚፈስበት በኩል ከታች የሚተከሉት ለዚህ ነው። የላዩ ንጹሕ ሆኖ የታችኛው ከቆሸሸ መርዙ የመጣው ከግቢው ነው ማለት ነው። የላዩም ከቆሸሸ ሌላ ምንጭም ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ብዙ አይነግርም። የሚናገረው የዓመታት መዝገብ ነው፤ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ፣ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ።

ስለ ላቭ ካናል ሰምተሻል? ኒው ዮርክ ግዛት፣ ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። አንድ የኬሚካል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከ20 ሺህ ቶን በላይ የኬሚካል ቆሻሻ በአንድ አሮጌ ቦይ ውስጥ ቀበረ። በሸክላ አፈር ሸፈነውና በ1953 መሬቱን በ1 ዶላር ለከተማው የትምህርት ቦርድ ሸጠው። ውሉ ላይ ከሥር ኬሚካል እንዳለ ተጽፏል። ተጽፎም ትምህርት ቤት ተሠራበት፣ በዙሪያው ቤት ተሠራ፣ ሽፋኑ በቁፋሮ ተበሳ። በ1970ዎቹ ዝናብና በረዶ ሲበዛ ኬሚካሉ በየቤቱ ምድር ቤት መውጣት ጀመረ። ነገሩን አገር ያወቀው ሎይስ ጊብስ የምትባል፣ ልጇ እዚያ ትምህርት ቤት ይማር የነበረ እናት ጎረቤቶቿን አስተባብራ ስለጮኸች ነው። በ1978 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በመጨረሻ ከ900 በላይ ቤተሰቦች ከሰፈሩ ለቀቁ። አሜሪካኖች የተበከሉ ቦታዎችን የሚያጸዱበት ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ በ1980 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ሕግ መርዝ ከሥር ተትቶ በተሸፈነ ቦታ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ እንደገና እንዲታይ ያዝዛል። ላቭ ካናል በ2004 ከሱፐርፈንድ ዝርዝር ቢወጣም ዛሬም ፍሳሹ ይሰበሰባል፣ ይጣራል፣ ውሃው ይለካል።

እኔን የሚያመኝ ያ ውል ነው። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር። ግን ወረቀቱን የሚያስታውስና «እዚህ አትቆፍሩ» የሚል ሰው አልተመደበም። እኛም ዘንድ ቆሼን አንረሳውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተብን። ያ ክምር እኮ ከሩቅ የሚታይ ነበር። የማይታየውማ እንዴት ይሆን?

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ጎረቤት ሰብስቢና በእድራችሁ ወይም በሰፈሩ ኮሚቴ ስም ደብዳቤ ጻፉ። አራት ነገር ጠይቁ። ከሥር ምን ቀረ፣ ስንት ሜትር ላይ? ጉድጓዶቹን ማን ነው የሚመረምረው፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ እስካሁን የተገኘው ውጤትስ የት አለ? ጥበቃውንና ጥገናውን ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ? ቦታው ላይ ወደፊት ምን ማድረግ ተከልክሏል? አራቱንም በቃል ሳይሆን በወረቀት መልሱልን በሉ። ቦታው አዲስ አበባ ክልል ውስጥ ከሆነ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ከድንበሩ ማዶ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ለኦሮሚያው መሥሪያ ቤት ነው። ድንበር ላይ ከሆናችሁ ለሁለቱም ግልባጭ አድርጉ፤ አለዚያ አንዱ ወደ አንዱ እየላከ ክረምቱ ይገባል።

መብታችሁንም እወቁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለው አቤቱታ ውሃ በላው ማለት ነው።

እስከዚያው ልጆቹ ሌላ ቦታ ይጫወቱ። ኳሱ ገብቶባቸው ከሄዱም እጅ በሳሙና፣ ጫማ ውጭ። ትንንሾቹ አፈር የነካ እጅ አፋቸው ስለሚከቱ ከትልቅ ሰው ይልቅ እነሱ ናቸው የሚጎዱት። በጎቹም ከዚያ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ከግቢው 150 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቤት አለኝ። ቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የእጅ ጉድጓድ ቆፍረን እንጠቀማለን። ባለቤቴ አፍልታ ነው የምትሰጠን፣ አንዳንዴ ውሃ አጋር እንጨምራለን። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለውም። ይበቃል አይደል?
አባወራ

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ማፍላትና ክሎሪን የሚገድሉት ተሕዋስያንን ነው። ለተቅማጥና ለታይፎይድ ጥሩ ናቸው፣ አትተዉአቸው። ኬሚካል ግን አይሞትም። እርሳስ ያለበትን ውሃ ስታፈላው ውሃው በእንፋሎት ይቀንሳል፣ እርሳሱ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ውሃ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ከድስቱ ወጥቶ ማድቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ባለቤትህ ትተነፍሰዋለች። ጥርት ማለቱም ማስረጃ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ ልክ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ያን ያህሉን ዓይንም ምላስም አይደርስበትም።

ስለዚህ ማስመርመር ነው። «ውሃዬን መርምሩልኝ» ብለህ ብቻ ከሄድክ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠሩልህ የተለመደውን ነው፤ ተሕዋስያን፣ ጨው፣ ፍሎራይድ እና የመሳሰለውን። ፀረ ተባይ በስሙ ካልተጠየቀ አይፈለግም። መጀመሪያ መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደነበረ እወቅ፤ ከላይ ያለችው እህቴ የምትጽፈው ደብዳቤ ላይ አንተም ፈርምና ይህንንም አብራችሁ ጠይቁ። ዕቃውን ደግሞ ከላቦራቶሪው ተቀበል። በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተው የሚያመጡ ሰዎች ስንት ጊዜ መልሻለሁ፣ እያዘንኩ። እንደ እርሳስ ያለ ብረት የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ ለዚህ ሲባል ላቦራቶሪው ዕቃው ውስጥ ትንሽ አሲድ አድርጎ ይሰጥሃል። ለሚተኑት ደግሞ የብርጭቆ ዕቃ ነው፣ አንድ የአየር አረፋ ሳይቀር ጢም ብሎ መሞላት አለበት።

ውጤቱ እስኪመጣ ለመጠጥና ለምግብ የፈረቃውን ውሃ አጠራቅሙ። የጉድጓዱን ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ተጠቀሙበት፤ ጎመኑን አታጠጡበት።

ጥያቄ፦ ወንደላጤ ነኝ፣ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ውሃ ማጠራቀሚያ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል በርካሽ ገዛሁ። በኋላ ስሰማ ከዚያ ግቢ ድሮ የወጣ ነው አሉ። በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በረኪና አሳደርኩበት። ሲደርቅ ሽታው ይመለሳል። ልጣለው ወይስ ልጠብ?
ከቤት ኪራይ የተረፈው

መልስ፦ አትጠብ። ፕላስቲክ ኬሚካሉን ልክ እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጡ ይስበዋል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደምትሞላው ውሃ ይለቀዋል። የሚመለሰው ሽታ ራሱ መልሱን ነግሮሃል። በሣሙና የሚለቀው ከላይ ያለው ብቻ ነው።

መጣሉ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርግ። ደህና በርሜል ሜዳ ላይ ብትጥለው ነገ ሌላ ሰው ቤት ነው የምታገኘው፣ ምናልባት ጠላ ተጠንስሶበት። ታችኛውን በሚስማር በስተህ ከጥቅም ውጭ አድርገው፤ ጓንት አድርግ። አታቃጥለው፤ ጭሱ ከበርሜሉ የከፋ ነው። ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አስረክብ። ሌላ ስትገዛ የምግብ ዘይት ወይም የጭማቂ የነበረ መሆኑን እይ፣ ተለጣፊው የተፋቀ ወይም የራስ ቅል ምልክት ያለበት ከሆነ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ገንዘብህ ስለባከነ አዝናለሁ፤ ግን ስለጠየቅህ ጎበዝ ነህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የ67 ዓመት ሰው ነኝ። እዚያ ግቢ 11 ዓመት ዘበኛ ነበርኩ። ጽዳት ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። መጋዘኑ የነበረበትን ቆፍረዋል፣ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ከኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ የተቀደዱ በርሜሎችን በሌሊት ቀብረን ነበር። እኔም አካፋ ይዤ ነበር፣ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። እዚያ ማንም አልቆፈረም። የጠየቀኝም የለም። አሁን ደላሎች ከአጥሩ ውጭ ያለውን መሬት ለገዢ ሲያሳዩ አያለሁ። ብናገር ተጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለቱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለማን ልናገር?
የቀድሞ ዘበኛ

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ይህን መጻፍዎ ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የዚህን ነገር ሥር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የትኛውም ቦታ ሲጸዳ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ድሮ እዚያ የሠሩ ሰዎችን መጠየቅ ነው፤ ዘበኛውን፣ ጫኝ አውራጁን፣ መጋዘን ጠባቂውን። መሣሪያ የሚያገኘው የፈለጉትን ቦታ ነው። የት እንደሚፈለግ የሚናገረው ሰው ነው። እርስዎን ሳይጠይቁ የመከታተያ ጉድጓዶቹን ተክለው ከሆነ ባሕር ዛፉ ሥር የተቀበረውን ላያገኙት ይችላሉ። በእርግጥ ቅዳሜ ስዞር በዚያ በኩል አንድም ቧንቧ አላየሁም።

ስለ ተጠያቂነት የፈሩትን አላቃልልም። አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። በእኔ አስተያየት ግን የበከለው ያጽዳ የሚለው ሕግ የሚፈልገው የግቢውን ባለቤት ነው እንጂ አካፋ ያስያዙትን ዘበኛ አይደለም። ያዩትን ዛሬ የሚናገር ሰው ደግሞ በማንም ዓይን ከሚደብቅ ሰው ጋር አንድ አይሆንም።

ይህን ያድርጉ። አንድ ደብተር ላይ ግቢውን ይሳሉት። ቆንጆ ስዕል አይጠበቅብዎትም። በሩን፣ የዘበኛ ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ ባሕር ዛፉን። ከዘበኛ ቤቱ እስከ ጉድጓዱ በእርምጃ ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ዛፍ ይቆረጣል፣ ስለዚህ የማይነቃነቅ ነገር ይምረጡ፤ ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ማዕዘን። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር እንደነበር፣ በርሜሎቹ ስንት ይሆኑ እንደነበር፣ ቀለማቸውን፣ ሽታቸውን፣ ላያቸው ላይ ያስታወሱትን ጽሑፍ ሁሉ ያስፍሩ። ያላስታወሱትን አይገምቱ፣ ክፍት ይተዉት። ከዚያ ሦስት ቅጂ ያስነሱ። አንዱን ከነማኅተሙ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ አንዱን ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት፤ እዚያ የሚሰጡት «በዚህ መሬት ላይ ካርታ ከመሰጠቱ በፊት ይጣራ» ተብሎ ማስታወሻ እንዲያዝ ነው። ደላላ ለገዢ አይናገርም። ካርታው ላይ የተጻፈ ነገር ግን ሻጭ ቢለወጥም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛውን ለእድራችሁ ይስጡ። ይህን የምለው አስቤበት ነው። መሥሪያ ቤት ስሙ ይለወጣል፣ ይፈርሳል፣ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ ፋይሉ ከክፍል ክፍል ሲጓዝ ይጠፋል። እድር ግን ድንኳኑንና የአባላቱን መዝገብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ለቀብር የምትሰበሰቡ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ግቢውን ዞራችሁ አይታችሁ «አጥሩ አለ፣ ክዳኑ አለ፣ ስንጥቅ አለ ወይም የለም» ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ብትይዙ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም ባለሙያ የሚጓጓለት መዝገብ ይኖራችኋል። የመንግሥትን ሥራ ውሰዱ እያልኩ አይደለም። ምርመራውና ጥገናው የእነሱ ኃላፊነት ነው፣ ክፍያው ደግሞ የበከለው። ግን የሚጠይቅ ከሌለ ሁለቱም ይረሳሉ።

ስለ ጤናዎም አልጠየቁኝም፣ እኔ ግን ልጠይቅዎት። 11 ዓመት እዚያ ኖረዋል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ» ብለው ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ፤ ሐኪም ካልተነገረው አይገምትም። የእጅ መደንዘዝ፣ የሚያስቸግር ሳል፣ የቆዳ ለውጥ ካለም አይደብቁ።

ደላሎቹን በተመለከተ፣ መሬት ሊያይ የመጣ ሰው ካገኙ ሰላም ይበሉትና የሚያውቁትን ይንገሩት። የሚያስፈልገው ያ ብቻ ነው።

አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ ፈቃደኛ ነው። ስልክዎን ደብዳቤው ላይ አስቀምጠውልኛልና ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። የሚመችዎት ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ በኩል ይጠብቁን። ሜትር እኛ እናመጣለን፤ እርስዎ ደብተሩን ይዘው ይምጡ።